የዘመኑ ደጅ ጥናት

በቀድሞ ዘመን ሹመት የሚፈልግ ሰው ከአገሩ ተነሥቶ ወደ ጌታው ግቢ ይሄድና ደጅ ይጠና ነበር። በማለዳ ወጥቶ በአጥሩ ሥር ይቆማል፤ ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሣል፥ ሲገባም እጅ ይነሣል፤ ወር አልፎ ወር ሲተካ፥ ዓመትም አልፎ ዓመት ሲተካ በዚያው ይቈያል። ምን ቢያደርግ እንደሚሾም የሚነግረው አልነበረም። አንዱ በዘሩ፥ ሌላው በእጅ መንሻው፥ ሌላውም በአማላጁ ይሾማል፤ አንዳንዱም ምክንያቱ ሳይታወቅ ይሾማል። ስለዚህ ደጅ ጠኚዎች ማታ ማታ በየማደሪያቸው ተሰብስበው የጌታውን ፊት ይተረጕሙ ነበር። ዛሬ ፈገግ ብሎ አየኝ፤ ትናንት ግን ስሜን አልጠራም፤ እንግዲህ ተስፋ አለኝን ወይስ የለኝም? እየተባባሉ ሌሊቱን ያጋምሱ ነበር።

ይህ ልማድ ከመኳንንቱ ግቢ ጋራ አብሮ አልፏል የሚል ሰው ቢኖር ወደ አሜሪካ አገር ይመልከት። በዚያ አገር ብልሆች የተባሉ ብላቴኖች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ለመፈጸም ሲቃረቡ፥ ከጥቅምት ወር ዠምሮ እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ፥ በጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ደጅ ይጠናሉ። ጌታው ሀርቫርድ ወይም ስታንፎርድ ወይም ዬል ይባላል። እነርሱም እንደ ቀድሞዎቹ ደጅ ጠኚዎች ተሰብስበው ዕድላቸውን ይቈጥራሉ። አንዱ፥ የትምህርቴ ማርክ ከሁሉ የበለጠ ነው ይላል፤ ሁለተኛው፥ በኤስ ኤ ቲ ፈተና ከ1600 ነጥብ 1540 አግኝቻለሁ ይላል፤ ሦስተኛዪቱ፥ ቫዮሊን እጫወታለሁ፥ ለድኾች ልብስ የሚሰበስብ ማኅበርም አቁሜአለሁ ትላለች። ከዚህም በኋላ ሁሉም በአንድ ቃል፥ እንግዲህ ዕድሌ ከመቶ ስንት ነው? ብለው ይጠይቃሉ። ጓደኛቸው ይመልሳል፤ በገንዘብ የተቀጠረ አማካሪ ይመልሳል፤ በሰንጠረዥ የታተመ ቍጥር ይመልሳል። የሚያውቅ ግን ከመካከላቸው አንድ ስንኳ የለም።

ይህ ቈጠራ ከንቱ ድካም ነው። በደሉ ግን አስቀድሞ የልጆቹ አይደለም። ሚዛኑን ከመጋረጃ በስተኋላ አቁመው፥ በመጋረጃው ፊት የሚሰበሰበውንና ባዶ እጁን የሚመለሰውን ሕዝብ ብዛት እንደ ክብራቸው የሚቈጥሩት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው በደለኞቹ። ወላጆችና አማካሪዎችም ከእነርሱ ቀጥለው ይጠየቃሉ።

ቍጥሩን ራሱን መመርመር ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) በ2020 ወደ ሀርቫርድ ኮሌጅ ለመግባት 40,248 ሰዎች አመለከቱ፤ ኮሌጁም 1,980 ተቀበለ፤ ይኸውም ከመቶ አምስት ያህል ነው። በሚቀጥለው ዓመት አመልካቾቹ 57,435 ሆኑ፤ የተቀበላቸው ግን 1,968 ናቸው፤ ከመቶ 3.4 ማለት ነው። በ2022 ደግሞ 61,220 አመልክተው 1,954 ተቀበለ፤ ከመቶ 3.2 ሆነ። እንግዲህ የአንድ ብላቴና ዕድል በሁለት ዓመት ውስጥ በሲሶ ቀነሰ ይባላልን? ወንበሩ ይህን ያህል አልጐደለም፤ ልጆቹም በሁለት ዓመት ውስጥ አልደነቈሩም። የሆነው ነገር ይህ ነው፤ የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ኮሌጁ የኤስ ኤ ቲ ፈተና ውጤት ያላቀረበ ሰው እንዲያመለክት ፈቀደ። ስለዚህ ቀድሞ ፈተናውን ፈርተው የማይደፍሩ ብዙዎች ደፍረው መጡ፤ መጥተውም ተመለሱ። የኮሌጁ ስም ግን በተመላሾቹ ልክ ከፍ አለ፤ ጋዜጦችም ከመቼውም ይልቅ ጠባብ በር መሆኑን አወሩለት።

ስለዚህ ያ ቍጥር የሚናገረው በደጅ ስለ ቆመው ሕዝብ ብዛት ነው፤ ስለ አንድ ሰው የሚናገረው ነገር የለም። ነገሩ በዕጣ የሚፈጸም ቢሆን ኖሮ ከመቶ ሦስት የሁሉም እኩል ዕድል በሆነ ነበር። ነገር ግን ዕጣ አይጣልም። የአንዱ ዕድል ከመቶ 40 ሊሆን ይችላል፤ የሌላው ደግሞ ከሺህ አንድ ስንኳ ላይሞላ ይችላል። ሁለቱም ያንኑ ቍጥር አንብበው እኩል እንቅልፍ አጥተው ያድራሉ።

በዋሽንግተን አጠገብ ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግ፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ከተማ፥ ይህ ነገር በአንድ ቤት ማዕድ ላይ ሲነሣ ይታሰብ። ልጁ ጕርሻውን በእጁ እንደ ያዘ፥ «እማዬ፥ ከመቶ ሦስት ብቻ ነው» ይላል። እናቱም፥ «ከመቶው ሰው ሦስቱን ይወስዳሉ ማለት ነው፥ ወይስ አንተ ራስህ ከመቶ ሦስት ነህ ማለታቸው ነው፥ የኔ ልጅ?» ትለዋለች። ልጁ ይሥቃል። እናቱ ግን አልቀለደችም፤ የታተሙት ሰንጠረዦች ሁሉ ዘለው ያለፉትን ነገር ጠይቃለች።

ይህች እናት ከአገሯም ስለዚሁ ቍጥር ሌላ ወሬ ሰምታ ይሆናል። በ2023 መባቻ የኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲነገር፥ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነው ተገኙ። አገሩ ሁሉ አዘነ፤ ሊያዝንም ይገባው ነበር። ይሁን እንጂ ያ ሚዛን በአደባባይ የቆመ ነበር። ግማሽ ማለት ምን ያህል እንደ ሆነ ተፈታኙ ሁሉ ወደ ፈተናው ከመግባቱ በፊት ያውቃል፤ የወደቀውም በምን ያህል እንደ ወደቀ ያውቃል። ሕዝቡም ፊቱን ወደ ትምህርት ቤቶቹ መልሶ፥ እናንተ ምን ስታስተምሩ ኖራችሁ? ብሎ ጠየቀ። በአሜሪካ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ደጅ የወደቀው ግን ምን እንደ ጐደለው አይነገረውም። የሚደርሰው ደብዳቤ ያማረ ነው፤ አመልካቾቹ እጅግ ብዙና ብርቱዎች እንደ ነበሩ በለሰለሰ ቃል ይናገራል፤ ምክንያት ግን አይሰጥም። ስለዚህ ልጁ ምክንያቱን ራሱ ይፈልጋል፤ በ17 ዓመቱም ፈልጎ የሚያገኘው ምክንያት፥ እኔ የማልረባ ነኝ የሚለው ነው።

መጋረጃው አንድ ጊዜ በግድ ተገለጠ። የእስያ ተወላጆችን ይበድላል ተብሎ በ2014 በሀርቫርድ ላይ ክስ ቀረበ፤ በ2018 በቦስተን ፍርድ ቤት ምስክር ተሰማ፤ ነገሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2023 ተፈረደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ተማሪን ሲቀበሉ ዘሩን መቍጠር ሕገ ወጥ ነው አለ። ስለ ፍርዱ ብዙዎች ተከራክረዋል፥ ገናም ይከራከራሉ። ለዚህ ነገር የሚጠቅመው ግን በችሎቱ ላይ የተዘረገፈው ወረቀት ነው። በዚያ ወረቀት እንደ ታየው አራት ዓይነት ሰዎች የተለየ መንገድ አላቸው። ለኮሌጁ ስፖርት የሚመለመሉ አሉ፤ ወላጆቻቸው በዚያው በሀርቫርድ የተማሩ አሉ፤ የኮሌጁ ሠራተኞችና መምህራን ልጆች አሉ፤ ስማቸው በሹሙ ልዩ መዝገብ የተጻፈም አሉ፥ ከእነርሱም መካከል ገንዘብ የሰጡ ሰዎች ዘመዶች ይገኙባቸዋል። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ሲቈጠሩ ከአመልካቾቹ ከመቶ 5 አይሞሉም፤ ከተቀባዮቹ ግን ከመቶ 30 ያህል ናቸው። ዘርና እጅ መንሻ አማላጅም የሚባሉት የቀድሞው ግቢ ነገሮች በእንግሊዝኛ ስም ተጠርተው እንዲህ ተገኙ።

በዚያው ችሎት ለልጁ ጠባይ የሚሰጥ ማርክ እንዳለም ታወቀ። ማርኩን የሚሰጡት የቢሮ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ልጁን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም፤ በወረቀት አንብበው ይፈርዳሉ። የእስያ ተወላጆች በትምህርት ከሌሎቹ በልጠው ሳሉ በዚህ በጠባይ ማርክ በአማካይ ዝቅ ብለው ታዩ። የመጀመሪያዪቱ ዳኛ በ2019 ሆን ተብሎ የተደረገ በደል አላገኘሁም ብለዋል፤ ይሁን። ነገር ግን አንድ ብላቴና ዕድሉን ሊቈጥር ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሲቀመጥ፥ ይህን የጠባይ ማርክ በየትኛው መስመር ላይ ይጽፈዋል? አባቱ በሹሙ መዝገብ አለመጻፉንስ በየትኛው መስመር ላይ ይቀንሰዋል?

በመጋቢት 2019 ደግሞ ሌላ ወሬ ወጣ። ሪክ ሲንገር የሚባል አማካሪ ከባለጸጎች ብዙ ገንዘብ እየተቀበለ፥ የልጆቻቸውን ፈተና በሌላ ሰው እያሠራ፥ መቅዘፊያ ጨብጠው የማያውቁትን ጀልባ ቀዛፊዎች ናቸው እያስባለ፥ ለስፖርት አሠልጣኞችም ጕቦ እየሰጠ ወደ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሲያስገባ እንደ ኖረ ተገለጠ። ሃምሳ ያህል ሰዎች ተከሰሱ፤ እርሱም በ2023 መዠመሪያ ላይ ሦስት ዓመት ተኵል እስራት ተፈረደበት። ይህ ሰው ሥራውን ለደንበኞቹ ሲያስረዳ የፊት በር መኖሩን፥ እጅግ ብዙ ገንዘብ በስጦታ ተሰጥቶ የሚገባበት የኋላ በርም መኖሩን፥ እርሱ ግን በመካከላቸው የጐን በር እንደ ሠራ ይነግራቸው ነበር። ሕግ የዘጋው የጐኑን በር ነው። የኋላው በር ሕጋዊ ሆኖ ቀረ።

ሚዛኑ ከጥንት የተሰወረ አልነበረም። እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ድረስ ሀርቫርድ የመግቢያ ፈተና ያወጣ ነበር፤ ፈተናውን ያለፈ ይገባል፥ ያላለፈ ይቀራል። ይህ ሥርዓት ጕድለት ነበረበት፤ ላቲንና ግሪክ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ገብቶ ካልተማረ ድኻ ልጅ ከቶ አይደርስበትም ነበር። ሆኖም የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ፈተናውን በብዛት ማለፍ ዠመሩ፤ በ1922 ከአዲስ ገቢዎቹ ተማሪዎች ከአምስት አንዱ ያህል አይሁዳዊ ሆነ። ይህን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚደንት ሎረንስ ሎዌል ቍጥራቸው ይወሰን ብሎ በግልጥ ተናገረ። ግልጥ መሆኑ ብዙዎችን አሳፈረ፤ ጕዳዩን እንዲመረምሩ የተሾሙት ሰዎችም በ1923 አልተቀበሉትም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን፥ በ1926፥ የአዲስ ገቢዎቹ ተማሪዎች ብዛት ከአንድ ሺህ እንዳይበልጥ ተወስኖ ከፈተናው ጋራ የአመልካቹ ጠባይ ይመርመር ተባለ። ከዚያ ወዲህ የአይሁድ ልጆች ቍጥር በእጅጉ ቀነሰ። በአደባባይ ያልተቻለው በመጋረጃ ውስጥ ተቻለ ማለት ነው። ጄሮም ካራቤል የተባለ የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ታሪክ ከዬልና ከፕሪንስተን ታሪክ ጋራ አያይዞ በሰፊው ጽፎታል። ዛሬ ልጆች በፍርሃት የሚጠይቁት ምስጢር የተወለደበት ቤት ይህ ነው፤ ልጆቹ ግን የተወለደበትን ሳያውቁ እንደ ሰማይ ሥርዓት ያከብሩታል።

ስለ ሕዝቡ ብዛትም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ሕዝቡ ሁሉ በራሱ ፈቃድ ብቻ አልመጣምና። የኤስ ኤ ቲን ፈተና የሚያወጣው ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት የተፈታኞችን ስም ለዩኒቨርሲቲዎች ይሸጥ ነበር፤ በ2019 የአንድ ልጅ ስም ዋጋ 47 ሳንቲም ነበረ። ዩኒቨርሲቲውም ስሙን ገዝቶ፥ አንተን እንፈልጋለን የሚመስል ያማረ ወረቀት ይልክለታል። ልጁ ደስ ብሎት ለአያቱ ያሳያል። አያትዮዋም እልል ትላለች። ከላኪዎቹ አንዳንዶቹ ልጁን ከቶ እንደማይቀበሉት አስቀድመው ያውቃሉ፤ ቢያመለክትና ቢመለስ ግን ለእነርሱ ትርፍ ነው፤ በመቶ የሚቈጠረው ቍጥር በእርሱ ይቀንሳልና። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ ዓመታት ካመለከቱት ከግማሽ የሚበልጡትን ይቀበል ነበር። በዚያም ዘመን ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ነበረ፤ መምህራኑ የኖቤልን ሽልማት ይቀበሉ ነበር። ዛሬ ግን ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ይቀበላል። ትምህርቱ በዚያ ልክ አሥር እጥፍ ሆነ የሚል ደፋር ካለ ይናገር። ስታንፎርድ በ2018 ከእንግዲህ ወዲህ ያመለከቱትን ሰዎች ቍጥር በየጊዜው እያወጀ እንደማይናገር አስታውቆ ነበር፤ ይህ ቢያንስ ዕፍረት መኖሩን ያሳያል። ደጁ ግን እንደ ጠበበ፥ ደጅ ጠኚውም እንደ በዛ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው በልጁ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። ከ14 ዓመቱ ዠምሮ የማያየውን መዛኝ ለማስደሰት ይኖራል። መጽሐፍ ሲመርጥ ይህ በማመልከቻዬ ላይ እንዴት ይታያል? ይላል። የታመመ ሲጠይቅ ሰዓቱን ይመዘግባል፤ ምጽዋቱም በሰዓት ተቈጥሮ በቅጽ ላይ ይሞላል። ስለ ራሱ የሚጽፈው ድርሰት ከ650 ቃል እንዳይበልጥ ታዝዟልና፥ ሕይወቱን ሁሉ በዚያ ልክ ይቈርጠዋል። አያቱ ብትሞት ስንኳ፥ ይህ ለድርሰቱ ይሆናል የሚል ሐሳብ ሳይወድ በልቡ ያልፋል፤ ከዚያም በራሱ ያፍራል። ይህን የሚያደርገው ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። አባቱ በየማታው፥ ዛሬስ ምን አደረግህ? ብሎ ይጠይቀዋል፤ አማካሪውም በሰዓት ገንዘብ እየተከፈለው ጠባይን እንዴት መልበስ እንደሚገባ ያስተምረዋል። ፈረስ ለገበያ ሲወጣ ይላጫል፥ ይታጠባል፥ ኮርቻም ይጫንበታል፤ ፈረሱ ግን ቢያንስ ስለ ራሱ 650 ቃል አይጽፍም።

ለዩኒቨርሲቲዎቹ የሚሟገቱ ሰዎች እንዲህ ይላሉ። የተገባቸው ልጆች ከወንበሩ ቍጥር ይልቅ እጅግ ብዙዎች ናቸው፤ እንግዲህ ሙሉውን ሰው መርምሮ ከመምረጥ በቀር ምን ይደረጋል? የመጀመሪያው ቃላቸው እውነት ነው። በዚያው በሀርቫርድ ክስ እንደ ተመሰከረ፥ በ2015 ለመግባት ካመለከቱት 26,000 ያህል የአሜሪካ ተማሪዎች መካከል 3,400 በሒሳብ ፈተና፥ 2,700 በቋንቋ ፈተና ሙሉ ነጥብ አግኝተው ነበር፤ በትምህርት ቤት ማርካቸው ሙሉ የሆኑትም ከ8,000 ይበልጡ ነበር። ወንበሩ ግን ሁለት ሺህ አይሞላም። ነገር ግን ከዚህ እውነት የሚከተለው እነርሱ የሚሉት አይደለም። ስምንት ሺህ የተገባቸው ልጆች ቆመው ሁለት ሺህ ብቻ የሚገቡ ከሆነ፥ ከዚያ በኋላ ያለው መለያ ከዕጣ ብዙ አይርቅም። ዕጣ ከሆነ ደግሞ ዕጣ ተብሎ ይጠራ። ባሪ ሽዋርትዝ የተባለ የሥነ ልቡና መምህር ይህን በ2005 ጽፎ ነበር፤ የበቁትን ለይታችሁ ከእነርሱ መካከል በዕጣ ምረጡ አለ። የኔዘርላንድ መንግሥት ከ1972 ዠምሮ የሕክምና ተማሪዎችን በዕጣ ይለይ ነበር፤ ማርኩ ከፍ ያለ ልጅ ዕጣው ከፍ ይልለት ነበር፥ ነገሩ ግን ዕጣ መሆኑን ሁሉ ያውቅ ነበር። በ2017 ተዉት፤ በ2023 ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ቢፈልጉ እንዲጠቀሙበት ሕጉ እንደ ገና ፈቀደ።

ሐዋርያት በይሁዳ ስፍራ የሚተካውን ሲፈልጉ ሁለት የተገባቸውን ሰዎች አቁመው በዕጣ እንደ ለዩ የዚህ ጋዜጣ አንባቢ ያውቃል። ዕጣው ለማትያስ ወጣ። ዮሴፍ በርስያን ዕጣው ስላልወጣለት ያነሰ ሰው ነው ብሎ የተናገረ ግን ከዚያ ዘመን ዠምሮ አልተገኘም። ዩኒቨርሲቲዎቹ ዕጣን የሚሸሹት ስለዚህ ነው። ዕጣ ቢጥሉ የተመለሰው ልጅ ቀና ብሎ ይሄዳል፤ የገባውም ልጅ በራሱ ላይ ዘውድ አይደፋም፤ እነርሱም የሰውን ዋጋ የሚያውቁ ፈራጆች መባላቸው ይቀራል።

ደግሞ፥ ልጁ ዕድሉን አስቀድሞ ቢመዝን ጥንቃቄ ነው የሚሉ አሉ። ሊመዘን የሚገባው ነገር በእርግጥ አለ። የትምህርቱ ዋጋ ስንት ነው፥ ኮሌጁስ ከዚያ ውስጥ ስንቱን ይከፍላል፥ ልጁ የሚወደውን ትምህርት የሚያስተምር ማን ነው፥ ከቤቱ ርቆ መኖርስ ይችላልን? የሚለውን መጠየቅ ጥበብ ነው፤ የእነዚህ መልስ ሊገኝ ይቻላልና። የሚያሳዝነው ግን ዕድልን የማሳደግ ምክር ይህን ጥበብ የሚያጠፋ መሆኑ ነው። እንደ ኮሎምቢያ፥ እንደ ፔንሲልቬንያና እንደ ዱክ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች፥ ከተቀበላችሁኝ እገባለሁ ብሎ አስቀድሞ ቃል ለሚገባ ሰው የተለየ ጊዜ ያደርጋሉ፤ በዚያ ጊዜ የሚያመለክቱትም በብዛት ይገባሉ። ባለጸጋ በቀላሉ ቃል ይገባል። የገንዘብ ርዳታቸውን ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ርዳታ ጋራ ማነጻጸር ያለበት የድኻ ልጅ ግን እንዴት አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ቃል ይግባ?

በሩ ከገቡ በኋላ ስለሚገኘውም ጥቅም እውነቱን መናገር ይገባል። ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር የተባሉ ሰዎች በ1976 ኮሌጅ የገቡትን መርምረው በ2002 ባወጡት ጥናት፥ ወደ ታላላቆቹ ኮሌጆች ያመለከቱና ወደ ሌላ የገቡ ሰዎች በኋላ ዘመናቸው ያገኙት ገንዘብ በእነዚያ ከገቡት ብዙ አላነሰም። ብላቴናው ይህን ቢያነብ ይጽናናል። ጥቅም አግኝተው የተለዩት ከድኻ ቤት የመጡት ነበሩ። ራጅ ቸቲና ባልንጀሮቹም በ2023 ባወጡት ጥናት ከእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች መግባት አማካዩን ገቢ ብዙም እንደማይለውጥ፥ ነገር ግን ከአገሩ ባለጸጎች ከመቶ አንድ ወደ ሆነው ክፍል የመድረስን ዕድል በግማሽ ያህል እንደሚጨምር አሳዩ። በፈተና እኩል ነጥብ ካላቸው ልጆች መካከልም የዚያው ከመቶ አንድ የሆነው ክፍል ልጆች ከመካከለኛው ክፍል ልጆች ይልቅ ከእጥፍ በላይ በእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች እንደሚገኙ አሳዩ። እንግዲህ በሩ ከንቱ ነው ማለት ሐሰት ነው። ለብዙዎች ጥቂት ይጠቅማል፤ ለድኻው ብዙ ይጠቅማል፤ ለገዥነት ደግሞ መሰላል ነው። መሰላል ከሆነ ማን በምን ሚዛን እንደሚወጣበት ሕዝብ ሊያውቅ ይገባዋል፤ ድኻው ይበልጥ የሚጠቀምበት ከሆነም ባለጸጋው በኋላ በር እየገባ ሲቀድመው ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው።

ሊታረም እንደሚችል ያሳዩ አሉ። ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፥ ኤም አይ ቲ የሚባለው፥ የተማሪው አባት በዚያ መማሩን እንደማይቈጥር በግልጥ ይናገራል። ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲም ይህን ልማድ እንደ ተወ በ2020 አስታወቀ፤ በ2009 ከአዲስ ገቢዎቹ ከመቶ 12.5 የነበሩት የቀድሞ ተማሪዎች ዘመዶች በ2019 ከመቶ 3.5 ሆኑ። ዩኒቨርሲቲው አልፈረሰም፤ ሰጪዎቹም አልሸሹትም። በ2021 አምኸርስት ኮሌጅ እንዲሁ አደረገ። በ2024 መስከረም የካሊፎርኒያ ግዛት በአገሯ ያሉ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ለቀድሞ ተማሪዎችና ለገንዘብ ሰጪዎች ልጆች ማድላትን እንዲተዉ ሕግ አወጣች። ስታንፎርድ ግን በ2025 የቀድሞ ተማሪዎችን ልጆች መቍጠሩን እንደማይተው አስታወቀ፤ ይህንም ለማድረግ ከግዛቲቱ መንግሥት ለድኾች ተማሪዎቹ የሚሰጠውን የገንዘብ ርዳታ መቀበል ተወ፤ በእርሱም ፈንታ ከራሱ ሣጥን እከፍላለሁ አለ። የቀድሞ ተማሪው ልጅ በዚህን ያህል ዋጋ ተገዝቶ ስፍራው ተጠበቀለት። ይህ ስፍራ ስንት ወንበር እንደሚይዝ የሚያመለክተው ብላቴና ከሚሞላው ቅጽ ላይ አያነበውም። በቅጹ ላይ የሚያገኘው፥ ወላጆችህ የተማሩት የት ነው? የሚል ጥያቄና ከፊቱ ያለ ባዶ መስመር ነው።